«ዛሬ በታሪክ»ን እንዴት እናዘጋጅ? ነሐሴ 1ን እንደ ናሙና

በደብረ ብርሃን በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በየማለዳው፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ «ዛሬ በታሪክ» የተሰኘ የሦስት ደቂቃ ዝግጅት ያቀርባል። አንድ ተማሪ በጠዋቱ ብርድ ማይክሮፎኑን ይዞ በዚያ ዕለት ምን እንደተፈጸመና ማን እንደተወለደ ያነብባል፤ ጽሑፉም ቀኑን ሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይውላል። በአንኮበር፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማም ሆነ በሸዋ ሮቢት ተመሳሳይ ዝግጅት ለመጀመር የሚያስቡ መምህራንና ተማሪዎች ይጠቀሙበት ዘንድ አሠራራችንን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት የመነሻ አቆጣጠሩ ነው። ሁለት ድርጊቶች በአንድ ቀን ዋሉ ለማለት ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር መቆጠር አለባቸው፤ ግማሹን በኢትዮጵያ፣ ግማሹን በአውሮፓ ቀን ይዞ ማጣመር ስሕተትን ለሕዝብ ማንበብ ይሆናል። እኛ የመረጥነው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ነው፤ አድማጩ የሚኖርበት፣ በዓሉንም የሚያከብርበት እርሱ ነውና። ስለዚህ የውጭ አገሩን ታሪክ ወደ እኛ ቀን እናመጣለን እንጂ የእኛን ወደ ውጭው አንወስድም።

ዓመቱን መቀየር ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ከአውሮፓው ዓመት 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ይቀነሳል። ለቀኑ ደግሞ የየወሩ 1 በየትኛው የአውሮፓ ቀን እንደሚውል አንድ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይበቃል፦ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ግንቦት 1 ሜይ 9 እያለ ይቀጥላል። ጳጉሜን 6 ከሚሆንበት ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባሉት ቀናት ላይ አንድ የአውሮፓ ቀን ይጨመራል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ሳይሆን በክፍለ ዘመኑ ልዩነት ነው። የአውሮፓው አቆጣጠር በ1900 ማግኘት ይገባው የነበረውን የፌብርዋሪ 29ኛ ቀን ስለዘለለ፣ ከላይ የጠቀስኩት ሰንጠረዥ የሚያገለግለው ከማርች 1900 ወዲህ ላለው ዘመን ብቻ ነው። ከማርች 1800 እስከ ፌብርዋሪ 1900 ባለው ጊዜ ነሐሴ 1 ይውል የነበረው ኦገስት 6 ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ደግሞ ኦገስት 5። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የውጭ መጻሕፍት ግን ጦርነቱን እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል፤ ትክክልም ናቸው። ለዚህ ምስክሩ የሳምንቱ ቀን ነው። ዓድዋ እሑድ እንደነበረ፣ የጊዮርጊስ ዕለትም እንደነበረ ሁሉም ያውቃል፤ በ1896 እሑድ የዋለው ማርች 1 እንጂ ማርች 2 አይደለም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላመዛዝን ማርች 2 ቀን 1896 ብዬ በሰሌዳ ለጥፌ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነሣ መቆየቱ እስካሁን ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱ ቀን በታወቀበት ሁሉ ሳናመሳክር አንለጥፍም።

በአካባቢያችን ይህ ሕግ በተለይ የሚያስፈልገው ለዳግማዊ ምኒልክ ልደት ነው። ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1844 ነው። የዛሬውን ሰንጠረዥ የተከተለ ሰው ኦገስት 18 ብሎ ይጽፋል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በብዙ የውጭ ጽሑፎች ጁላይ 23 ቀን 1892 መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቀመሩ የሚሰጠው ጁላይ 22ን ነው። በነሐሴ 12 እቴጌ ጣይቱም እንደተወለዱ በየዓመቱ ይነገራል። ይሁንና ጸሐፊዎች በእቴጌይቱ የትውልድ ዓመት ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚለያዩ፣ የባልና ሚስቱን ልደት በአንድ መስመር እኩል እርግጠኛ አድርገን አናቀርብም፤ የምኒልክን እንጽፋለን፣ የጣይቱን «ይነገራል» እንላለን።

ሁለተኛው ሥራ ከቅርብ መጀመር ነው። ተማሪዎቻችን በቅድሚያ የሚጠይቁት አያቶቻቸውንና የደብር አገልጋዮችን ነው፤ በገጠር የተወለደ ሰው ቀን ብዙውን ጊዜ በቁጥር ሳይሆን በበዓል ተይዟልና። አንድ ተማሪያችን የአባቱን ልደት ጠይቆ ከአያቱ ያገኘው መልስ «ደብረ ዘይት ከአማኑኤል ጋር የገጠመ ለት፣ መሬት ላራሹ በታወጀ ዓመት» የሚል ነበር። ደብረ ዘይት ተንቀሳቃሽ በዓል ስለሆነ ቀኑ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት፣ ይወጣል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዓመት መባጃ ሐመር (ጾመ ነነዌ የምትገባበት ቀን ቁጥር) 17፣ የደብረ ዘይት ተውሳክ (በመባጃ ሐመሩ ላይ የሚደመረው ቁጥር) ደግሞ 11 ነው፤ ሲደመር 28 ይመጣል፤ ጾመ ነነዌ የካቲት ውስጥ ስለነበረች ደብረ ዘይት መጋቢት 28 ዋለ ማለት ነው። 28 የአማኑኤል ዕለት ነው። ልጁ ስሌቱን በደብተሩ ላይ ሠርቶ 28ን ሲያገኝ የአያቱ ቃል ከቀመሩ ጋር መግጠሙን ያየበትን ፊት አልረሳውም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት ለሃምሳ ዓመት ያህል ቀኑን ሳያዛንፉ ይዘውታል፤ ስለዚህ የሽማግሌ ቃል በበዓል ተነገረ ተብሎ አይጣል፣ ይሰላ።

አሁን ወደ ናሙናው ቀን እንምጣ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ የሚያዝበት ዕለት ነው፤ በዚህ ቀን የሰሜን ሸዋ ልጅ አበበ ቢቂላ ተወልዷል። የትውልድ ስፍራው በመንዲዳ አቅራቢያ የምትገኘው የጃቶ መንደር ናት፤ ዘመኑ 1924 ዓ.ም.፣ በአውሮፓው ኦገስት 7 ቀን 1932 ነው። በዚሁ ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር፤ አርጀንቲናዊው ሁዋን ካርሎስ ዛባላ በ2 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ አሸነፈ። በዚያ ቀን የተወለደው ሕፃን ከ28 ዓመት በኋላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ቀን ከቀን ሲገጥም እንዲህ ያለ ትርጉም የሚሰጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ ሲገኝ ሌላውን አሳጥሮ ለእርሱ ሰፊ ቦታ መስጠት ይገባል።

በሎስ አንጀለስ ከሰዓት በኋላ በነበረበት ወቅት በእኛ አገር እኩለ ሌሊት አልፎ ለነሐሴ 2 አጥቢያ ነበር። እንዲህ ያለ የሰዓት ልዩነት ሲያጋጥም የምንከተለው ድርጊቱ በተፈጸመበት አገር የነበረውን ቀን ነው፤ ይህን አንዴ ወስኖ በሁሉም ላይ መጠበቅ ያሻል። የሮሙ ድል ራሱ ለማስተማሪያ የሚመች ነው፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማለት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ስለሆነ አበበ ያሸነፈው በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። የአውሮፓውን ቀን ብቻ የሚያውቅ ይህን አያይም።

ከዚያ ሰፋ አድርገን የአፍሪካንና የዓለምን እንፈልጋለን። ኮትዲቯር ነሐሴ 1 ቀን 1952 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ሕንዳዊው ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር ነሐሴ 1 ቀን 1933 ዓ.ም. አረፈ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢና በዳሬ ሰላም በሚገኙ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የውጭ ዝርዝሮች በኦገስት 7 ሥር የሚያስገቡት የቦያካ ጦርነት ግን ከዚህ ገጽ ይወጣል፤ የሲሞን ቦሊቫር ጦር ድል ያደረገው በ1819 ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1811 ዓ.ም. ይሆናል። ከውጭ የተዘጋጀ ዝርዝርን እንዳለ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው። ለአንድ ቀን ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ ማንበብም አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አድማጩ አንዱንም ይዞ አይሄድም።

በአንድ ቀን የተገናኙ ድርጊቶች ሁሉ በአጋጣሚ የተገናኙ እንዳልሆኑም መለየት ይገባል። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ይህ ቀን ታስቦበት የተመረጠ ነው። የአበበና የዛባላ መገጣጠም ግን ማንም ያላሰበው ነው። አንባቢው ተማሪ ይህን ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገር አድማጩ የዝግጅቱን ክብደት ይረዳል።

የኀዘን ቀኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ የእኛ አካባቢ ደግሞ ከባዱን ተሸክሟል። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ነው። በ1929 ዓ.ም. ለዚህ በዓል ወደ ደብረ ሊባኖስ የመጡት ምእመናንና የገዳሙ መነኮሳት ተይዘው በማግስቱ ግንቦት 13 ላጋ ወልዴ በተባለ ስፍራ ተረሸኑ፤ ወጣቶቹ ዲያቆናት ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ተወስደው ግንቦት 18 እንገጫ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም ያስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይገልጻል፤ የኋላ ዘመን ጥናት ግን የሟቾችን ቁጥር ከ1,800 እስከ 2,200 ያደርሰዋል። ሁለቱንም ቁጥሮች ማን እንደሰጣቸው ጠቅሰን እናነብባለን። ሁለቱን ቀኖችም በአንድ ላይ አንደባልቃቸውም፤ እንገጫ ከእኛ ቅርብ ስለሆነ ግንቦት 18 ለብቻው ይታሰባል፤ በዚያም ዕለት ልደትና የስፖርት ድል በዝግጅቱ ውስጥ አይገባም።

አጻጻፉ አጭር ይሁን። ቀኑ፣ ዓመቱ፣ ቦታው፣ ድርጊቱ፣ ከዚያ ድርጊቱ ለምን እንደሚጠቀስ የሚያሳይ አንድ ዐረፍተ ነገር። በሁሉም ቦታ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ይጻፍ፤ ሳይጻፍ የቀረበት ቁጥር ለሚቀጥለው አዘጋጅ መሳሳቻ ነው። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ማን እንደነገረን ወይም ከየት እንዳገኘነው፣ ስሌቱንም ማን እንዳረጋገጠው በእርሳስ ጽፈን በፋይል እናስቀምጣለን። በክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሚሆን የሐምሌና የነሐሴ ገጾች በክበቡ የቴሌግራም ቻናል ይለቀቃሉ፤ የነሐሴ 1 ገጻችን መክፈቻ ይህ ነው፦

«ዛሬ ነሐሴ 1 ነው፤ ፍልሰታ ተይዟል። በ1924 ዓ.ም. በዚህ ዕለት በመንዲዳ አቅራቢያ፣ ጃቶ በምትባል መንደር አበበ ቢቂላ ተወለደ። እርሱ በተወለደበት ዕለት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማራቶን ይሮጥ ነበር።»