ሞተሪኖ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ

ትንሿ የናፍጣ ትራክተራችሁ አንዴ ቁልፍ ሲነካ ተነስታ ሌላ ጊዜ "ቀጭ" ብላ ዝም ካለች፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ። የእኔ እንዲህ ስታሰቃየኝ ከርማ ጥፋቱ ዝገት ሆኖ አረፈው፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ከሻንሲው (ከትራክተሯ የብረት አካል) ጋር የታሰረበት ብሎን ሥር። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ሲፈታ ግን ቡናማ ዱቄት! ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት።

ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ማለትም ሙሉ፣ ማሳየቱ ብቻውን አያሳምናችሁ። ማርሹን ዜሮ አድርጉና ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ያዙ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ነገሩ ያለው ገመዱና ማሰሪያው ላይ ነው።

"ቀጭ" እንኳ ካላለች ደግሞ ፍሪሲዮኑ ጋ ያለችውን፣ ካልተረገጠ እንዳትነሳ የምታግደውን ትንሽ ስዊች እዩ፣ ጭቃ ትወዳለች።