እንግዳ ሲመጣባችሁ አዲስ አበባን እንዲህ አሳዩት

እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ቦሌ አይደለም፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። በጠዋት ሂዱ፤ ከረፋዱ በኋላ ግፊያው መቆሚያ አይሰጥም። ስልካችሁን የፊት ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና የመዶሻውን ድምፅ ተከተሉ። አሮጌ በርሜል ተቀዶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ሲሆን ታያላችሁ። ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። እዚህ የሚጣል ነገር የለም፤ እኔ ከተማዬን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ፎቶ ለማንሳት ግን አስፈቅዱ፤ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው።

ከሰዓት ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዙ። መንገድ ዳር ያሉት የሐበሻ ልብስ ሱቆች ያማልላሉ፤ ቶሎ አትግዙ። መጀመሪያ ሸማኔ ሲሠራ እዩ። እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይበራል። ይህን ያየ ሰው ዋጋ ሲከራከር ልክ ያውቃል። ስትገዙ ጥለቱን ገልብጡና ጀርባውን መርምሩ። ሦስት አራት ሱቅ ሳትጠይቁ ብር አታውጡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ዳገቱን ወጥታችሁ እንጦጦ ማርያምን ተሳለሙ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው። ጃኬት ያዙ፤ እላይ ብርዱ አይጣል ነው።