ድልድይ በሰው ስም ከመሰየሙ በፊት

አንድ ሰው ለዓመታት የወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅም፣ ችግኝ ሲያጠጣና መጤ አረም ሲነቅል ይኖራል። አንድ ቀን ሰዉ «ለእሳቸውማ አንድ ነገር በስማቸው ይሰየም» ይላል። ሥራው ታዲያ እስክሪብቶ ይዞ በተገኘው ሰው ላይ ይወድቃል። በእኔ ላይ የወደቀው የአንዲት የእግረኛ ድልድይ ጉዳይ ነበር። የመጀመሪያው ማመልከቻችን ተመለሰ፤ ጥፋቱ ደግሞ በአብዛኛው የእኛው ነበር።

ከሁሉ በፊት ስሙ የሚሰየምለትን ሰው ራሱን ጠይቁ። እኛ ደስ እናሰኛቸው ብለን በምስጢር ያዝነው። ሽማግሌው ከሌላ ሰው ሰምተው ተቆጡ፤ «ያ ሁሉ ሰው አብሮኝ ሲቆፍር የኔ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው?» አሉ። ልክ ነበሩ። ኤቨርግሌድስ ለተባለው የፍሎሪዳ ረግረግ ስትሟገት የኖረችው ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስም እ.ኤ.አ. በ1980 የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ በስሟ ሲሰየም፣ ስሜ ሕንፃ ላይ ከሚጻፍ ረግረጉ ቢያገግም እመርጣለሁ ብላ ነበር። ሰውየው በሕይወት ከሌሉ ቤተሰቡ ይጠየቅ።

ቀጥሎ ድልድዩ የማን እንደሆነ አጣሩ። ቀለም የሚቀባው ክፍል የግድ ባለቤቱ አይደለም። ይህን ሳናውቅ ወረቀታችን በማይመለከተው ቢሮ ወራት ተኛ። ባለቤቱን ስታገኙ የስያሜ ደንቡን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በተለይ በሕይወት ባለ ሰው ስም መሰየም ይፈቀድ እንደሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 በርሊን ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የመልክዓ ምድር ስሞች ጉባኤ ቦታዎች በሕይወት ባሉ ሰዎች ስም እንዳይጠሩ መክሯል። የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድም ተራራ ወይም ወንዝ በሰው ስም ለመሰየም ሰውየው ከሞተ አምስት ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃል። በሰው እጅ የተሠራ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔው የባለቤቱ ስለሆነ መንገዱ ሰፋ ያለ ነው። ለምሳሌ ዳግላስ ሕንፃው ከተሰየመላት በኋላ 18 ዓመት ኖራለች።

ማመልከቻው ላይ ረጅም ጊዜ ብታጠፉ አይቆጫችሁም። የእኛ የመጀመሪያው «ታታሪ፣ ትሑት፣ አርአያ» በሚሉ ቃላት የታጨቀ ነበር፤ ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለማንም ሰው ይሆናል። በሁለተኛው ላይ ሥራውን ብቻ ጻፍን፦ ከየትኛው መታጠፊያ እስከ የትኛው ድረስ ያለውን የወንዝ ዳር እንደያዙ፣ ምን ዓይነት ዛፍ እንደተከሉ፣ የትኛው እንደጸደቀና የትኛው እንደደረቀ፣ ለምን ከዳር እስከ ዳር አረም እንዳልነቀሉ (አፈሩን የያዘው እሱ ብቻ የሆነበት ቦታ ስለነበረ ነው)። የድሮና የአሁን ፎቶግራፍ ከአንድ አቅጣጫ ተነስቶ ጎን ለጎን ቢያያዝ ከሁለት ገጽ ምስጋና ይበልጣል። ፊርማም ቢሆን፣ አብረው የቆፈሩ ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው ያዩትን በሁለት መስመር ቢጽፉ በአንድ ቀን ከተሰበሰበ ረጅም ዝርዝር ይሻላል።

የነበረውን ስም አትርሱ። ሰዉ ድልድይዋን በሌላ ስም ይጠራት ነበርና አንዳንዶች «ስማችንን ልትነጥቁን ነው» አሉ። ሁለቱም በሰሌዳው ላይ እንዲወጡ ስንስማማ ጸጥ አለ። ስያሜው ከጸደቀ በኋላ የካርታ ክፍሉና የአምቡላንስ አገልግሎቱ እንዲያውቁት አድርጉ፤ ድልድይ በሁለት ስም ሲጠራ በችግር ሰዓት ሰው ይሳሳታል።

ሰሌዳው አጭር ይሁን፤ ስም፣ ሥራ፣ ዘመን። ረቂቁ ላይ የገንዘብ ሰጪዎች ስም ከሽማግሌው ስም በልጦ ተጽፎ አይቼ እኔው ሰርዤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያኮርፈኝ አለ። ማን እንደሚያድሰው፣ ድልድዩ ፈርሶ ሌላ ቢሠራ ስሙ ይቀጥል እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከሰሌዳ ሠሪው ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ስሙ በየትኛው «ሀ»፣ በየትኛው «ሰ» እንደሚጻፍ ራሳቸውን አስጽፋችሁ ያዙ። እኛ ሁለት ጊዜ አስፍቀናል፤ ሁለተኛው ስሕተት የእኔ ነበር።