ላሊበላ ድረስ ሄዳችሁ ገጠሩ ሳታድሩ አትመለሱ

ብዙ ሰው ላሊበላን ተሳልሞ በማግስቱ ይመለሳል። ከከተማው በላይ ያለው የላስታ ተራራ ግን ሌላ ዓለም ነው። አቡነ ዮሴፍ የሚባለው ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ በዙሪያው ካሉት መንደሮች እንግዳ የሚያሳድሩም አሉ። ምክሬ ይሄ ነው፦ ደርሶ መልስ አታድርጉት፣ እደሩ።

ቀኑን ስትመርጡ ክረምቱን አሳልፉ፣ ጭቃውና ጉሙ ምንም አያሳያችሁም። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት በጣም ያምራል፤ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ እሸትም ይደርሳል። ዶሮ ወጥና ቅቤ የምትፈልጉ ከሆነ ከኅዳር 15 በፊት ሂዱ፣ ምክንያቱም ከዚያ እስከ ገና ጾመ ነቢያት ነው፣ የምትበሉትም የጾም ነው። የገና ሰሞን ደግሞ ላሊበላ በምዕመናን ስለሚጥለቀለቅ አልጋ በጭንቅ ነው የሚገኘው። ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ይሄን እንዳትዘሉት።

መንገድ መሪና በቅሎ ከአካባቢው ሰው ያዙ። ዋጋውን ሳትነሱ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ብሩ በቀጥታ ገበሬው እጅ ቢገባ ደስ ይላል። የለመዳችሁት ጫማ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ዱላ፣ ባትሪ በቂ ነው። ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል።

አወጣጡ ላይ አትቸኩሉ። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ስለዚህ አንድ ቀን እዚያው እረፉ፣ በማግስቱ በጠዋት ተነስታችሁ አሸተን ማርያምን እየተሳለማችሁ ቀስ እያላችሁ ውጡ፣ ጫፉን ለሌላ ቀን አቆዩት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታባችሁ እልህ አትጋቡ፣ ውረዱ።

ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ዝም ካላችሁ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ምግብ ግን አትስጧቸው፣ ሰው እጅ ማየት ከለመዱ የገበሬው ማሳ ላይ ይወርዳሉ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ማለዳ ውጡ፣ ጥቂት ስለሆነ ዕድልም ይጠይቃል። ውሻ ይዞ መውጣት በፍጹም አይሆንም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃቸዋል።

ምግቡን ከከተማ ጭናችሁ አትሂዱ። የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ትኩስ ዳቦ በላስታ ማር፣ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ጠላ አለላችሁ፣ በእሸት ጊዜ ከሄዳችሁ ደግሞ ማሳው ዳር እሳት ላይ የተጠበሰ ባቄላ አለ፣ እሱን ቀምሳችሁ ንገሩኝ። እናቶች «ብሉ እንጂ» ሲሉ ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። መንገድ ካለባችሁ ቡናው ሳይቆላ በፊት ተናገሩ፣ አለዚያ በረካ ሳይጠጣ ማንም አይለቃችሁም።