የሆድ ድርቀት ነው ወይስ የአንጀት መዘጋት? የአንጀት ካንሰር ያለበትን ሰው ለሚያስታምሙ

የትልቁ አንጀት ወይም የፊንጢጣ ካንሰር ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ካለ፣ ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባ ጥያቄ «ዛሬ የሆድ አየር ወጥቷል?» የሚለው ነው። አባቴ በታመሙበት ዓመት እኛ ልጆቻቸው «በሉ? ጠጡ? እንቅልፍ ወሰድዎት?» እያልን እንጠይቃቸው ነበር እንጂ፣ ከዚያ አልፎ መጠየቅ ነውር መስሎን አፋችንን ይዘን ቆየን። እሳቸውም «ውጭ አልወጣሁም» ብለው ለእናቴ የነገሯት በአራተኛው ቀን ነው። እናቴ የምታውቀውን አደረገች፤ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣና በጥብጣ በትልቅ ብርጭቆ ሰጠቻቸው። በማግስቱ ጥቂት ውኃ የመሰለ ነገር ሲወጣ ሁላችንም ተመስገን አልን፤ ሆዳቸው ግን እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ቀበቷቸው ከወትሮው በሁለት ቀዳዳ ላልቶ ነበር። በሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ስንወስዳቸው «አስቀመጠኝ» በማለታቸው የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ተሰጣቸው። በሁለተኛው ሌሊት ሆስፒታል ስንገባ ራጁን ያየው ተረኛ ሐኪም የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ አየር ከወጣቸው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነበር፤ ከስድስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

ያ ውኃ ተቅማጥ አልነበረም። የአንጀቱ መንገድ በዕጢ ሲጠብ ጠጣሩ ሰገራ ከላይ ይቆምና ቀጭኑ ፈሳሽ ብቻ በጎን ሾልኮ ይወጣል። ይህን አለማወቅ ብዙ ቤተሰብን ያሳስታል፤ ለቀናት ድርቀት የነበረበት ሰው ሆዱ ሳይጎድል በድንገት ቀጭን ፈሳሽ ቢያስቀምጠው፣ ተሻለው ከማለት ይልቅ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል።

ለምን ይዘጋል?

ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። በቀኝ በኩል ሰፊ ነው፤ የሚያልፍበትም ነገር ገና ፈሳሽ ነው። በግራ በኩል ደግሞ ይጠባል፤ ውኃውም በመንገድ ስለተመጠጠ ሰገራው ጠጥሮ ይደርሳል። ስለዚህ በግራ በኩል የበቀለ ዕጢ ቀድሞ መንገድ ይዘጋል፤ በቀኝ በኩል ያለው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በደም ማነስና በድካም ነው። ዕጢው የቱ ጋ እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ፣ መንገዱስ ምን ያህል ጠቧል ብሎ መጨመር፣ ለኋላ ጥንቃቄ መሠረት ይሆናል፤ በምርመራ ጊዜ በፊንጢጣ የሚገባው የካሜራ መሣሪያ በጠባቡ ቦታ ማለፍ አቅቶት እንደነበረ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ ይህ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለፈው እንዳይመለስ የሚያግድ ክዳን አለ። በብዙ ሰው ይህ ክዳን አጥብቆ ስለሚዘጋ፣ ከፊት በዕጢ ከኋላ በክዳን የታጠረው አንጀት እንደ ፊኛ ይነፋል። በቀኝ በኩል ያለው መነሻው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ የመቀደድ አደጋ አለው። በዚህም ምክንያት ትልቁ አንጀት የተዘጋበት ሰው ለረጅም ሰዓት ላያስታውክ ይችላል። «አላስታወከም፣ ይደር» ብሎ ሌሊቱን ማሳለፍ የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። መዘጋቱ በትንሹ አንጀት ከሆነ ግን ትውከቱ ቀድሞ ይመጣል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ይሆናል፣ እየቆየ ሲሄድ ቡናማና ሰገራ ሰገራ የሚሸት ይሆናል።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላም ስጋቱ ፈጽሞ አይጠፋም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀት ከአንጀት ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር በጠባሳ ሊጣበቅና ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሊታጠፍ ይችላል፤ የጨረር ሕክምናም ጠባሳ ጥሎ ሊያጠብ ይችላል፤ በሽታው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ከተሠራጨ ደግሞ አንጀቱን በብዙ ቦታ ከውጭ ሊጫነው ይችላል። በአገራችን የአንጀት መጠምዘዝ የተለመደ የመዘጋት ምክንያት ስለሆነ፣ የካንሰሩን ታሪክ ያልሰማ ተረኛ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ታሪኩን ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሁለቱን መለየት

ድርቀት ያለበት ሰው ይከብደዋል፣ ያምጣል፣ ትንሽ ጠጣር ነገር ያወጣል፤ አየር ግን ይወጣዋል፤ ቁርጠቱም ያን ያህል አያስጮህም። መዘጋት ሲሆን ቁርጠቱ በማዕበል ይመጣል፤ ለጥቂት ደቂቃ አጥብቆ ይይዝና ይለቃል፣ ተመልሶም ይመጣል። ሆድ ይወጠራል፣ ከውስጥ ጉርጉርታ ይሰማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ በመጨረሻም ሰገራም አየርም ይቆማል። ከፊል መዘጋት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለሳምንታት ሊዋዥቅ ይችላል፤ ከምግብ በኋላ ሆድ ተነፍቶ ቆርጦ በማግስቱ የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም ሰገራው እየቀጠነ ከመጣ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ለዚህ ሁሉ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ የጠቀመን ተራ የልጅ ደብተር ነበር። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሰገራ መውጣቱንና መልኩን፣ አየር የወጣበትን ሰዓት፣ የተበላውን፣ ትውከት ካለ ቀለሙን፣ የተዋጠውን መድኃኒት፣ በእምብርት ላይ በስፌት ሜትር የተለካውን የሆድ ዙሪያ እንጽፍ ነበር። አባቴ መጀመሪያ እጅግ አፈሩ፤ ታናሽ እህቴ ደብተሩን ከእስክርቢቶ ጋር ትራሳቸው ሥር አድርጋ «አባባ፣ አይንገሩን፤ ይጻፉት ብቻ» ካለቻቸው በኋላ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው በራሳቸው እጅ ይጽፉ ጀመር። አፍ የማይለውን እጅ ይጽፈዋል።

የሚበላውና የማይበላው

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር ይገለበጣል። ለጤነኛ ሰው ድርቀት «ገለባ ያለው እህል፣ ጎመን፣ ተልባ ይብላ» ይባላል፤ ለጠበበ አንጀት ግን ቃጫ የበዛበት ምግብ የሚዘጋ ውታፍ ሊሆን ይችላል። ተልባ ውኃ መጥጦ የሚያብጥ በመሆኑ፣ መንገዱ መጥበቡ እየታወቀ ሐኪም ሳይፈቅድ መስጠት አይገባም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ ከነልጣጩ የተበላ ሽንብራና ባቄላ፣ ጥሬ ጎመንና ሰላጣ፣ ቃጫማ ማንጎ፣ የብርቱካን ገለፈት፣ ጅማት ያለው ሥጋ ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። በምትኩ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ መኮረኒ፣ ተልጦ በደንብ የበሰለ ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ እርጎ፣ የበሰለ ሙዝ፣ በወንፊት የተጠለለ ሾርባ ይመረጣሉ። እንጀራን በተመለከተ አስታማሚዎች ብዙ ይከራከራሉ፤ ጤፍ ከነገለባው የሚፈጭ እህል በመሆኑ መጥበቡ በጠነከረ ጊዜ መቀነስ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር የተጋገረውን በትንሹ መብላት ይሻላል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ግን የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ይህ ዓይነት አመጋገብ መጥበብ ላለበት ሰው የታዘዘ እንጂ ለካንሰር ሕመምተኛ ሁሉ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት።

አበላሉም ከሚበላው አያንስም። በቀን ሦስት ትልቅ ማዕድ ከማቅረብ አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ፣ በደንብ ማላመጥ፣ ጥርስ የሌላቸው ከሆነ መፍጨት፣ ሐኪም ካልከለከለ በቂ ውኃ መጠጣት፣ ከምግብ በኋላ በግቢ ውስጥ ጥቂት መራመድ ይረዳል። በጉርሻ ማስጨነቅ ግን ፍቅር ቢሆንም ለዚህ ሕመም አይሆንም።

ጾምን በሚመለከት፣ የኦርቶዶክስ ጾም ማዕድ በአብዛኛው ጥራጥሬና ጎመን ስለሆነ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት በተለይ መጠንቀቅ ያሻል። ሕመምተኛው «አልገድፍም» ካለ ከልጆቹ ክርክር ይልቅ የንስሐ አባቱ ቃል ይሰማል፤ ቀድሞ ማነጋገር ይበጃል። በረመዳንም ታማሚ እንዳይጾም ተፈቅዶለታል።

መድኃኒት ላይ ጥንቃቄ

ሞርፊን፣ ኮዴይንና ትራማዶል አንጀትን ያዘገያሉ፤ የማቅለሽለሽ መከላከያው ኦንዳንሴትሮንና የአይረን ክኒንም ያደርቃሉ። ይህ ማለት ሕመም ይቻል ማለት አይደለም፤ ማስታገሻው ሲታዘዝ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ማለት ነው። ማለስለሻዎች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰገራን በውኃ የሚያለሰልሱ እንደ ላክቱሎዝ ያሉ አሉ፤ አንጀትን ቀስቅሰው የሚያስጨምቁ እንደ ቢሳኮዲል ያሉም አሉ። የተዘጋን አንጀት በኃይል ማስጨመቅ ቁርጠቱን ያባብሳል፣ ለመቀደድም ሊያደርሰው ይችላል። በተመሳሳይ ምክንያት ለማቅለሽለሽ በየፋርማሲው የሚሸጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎች ፕላዚል የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ አንጀት ላይ አይሰጥም። ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒትም፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ የፊንጢጣ እጥበትም፣ መዘጋት በተጠረጠረበት ሰው ላይ አይሞከርም።

ሲዘጋ ምን ይደረጋል?

ሰገራም አየርም ቆሞ፣ ሆድ ተወጥሮ፣ ቁርጠት ወይም ትውከት ካለ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ይመጣና ይሄድ የነበረው ቁርጠት የማያቋርጥ ኃይለኛ ሕመም ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ሲነካ እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ አንጀቱ ተቀዶ ወይም ደም አጥቶ ሊሆን ስለሚችል አንድም ሰዓት አይባክንም። ሰገራ ወደ ከረጢት እንዲወርድ በቀዶ ሕክምና በሆድ ላይ አንጀት የወጣላቸው ሰዎች ከረጢታቸው ላይ ይዩ፤ ከትንሹ አንጀት የወጣ ከሆነ ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ምንም ሳይወርድ ቁርጠት ከመጣ ያሳስባል፤ ከትልቁ አንጀት የወጣ ግን አንድ ቀን ሳይወርድ ቢውል፣ ሌላ ምልክት ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ችግር አይሆንም።

ከቤት ሲወጡ ምንም አያብሉ፣ አያጠጡ፤ ከንፈር ማርጠብ ይበቃል። የባዮፕሲ ውጤት፣ የሲቲ ስካን ሲዲና ወረቀት፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለ፣ የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበት ቀን፣ ደብተሩም፣ በአንድ ፌስታል ተዘጋጅተው በር አጠገብ ቢቀመጡ ይመረጣል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከከተማ ርቀው ያሉ ቤተሰቦች በቅርባቸው ካሉ ሆስፒታሎች ሌሊት ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የትኛው እንደሆነ በደኅናው ቀን ጠይቀው ቢያውቁ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሪፈር ከመንከራተት ይድናሉ። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ቋንቋው ራሱ ወጥመድ አለው። «ውጭ አልወጣሁም» ያሉ እናት ከቤት አልወጣሁም እንዳሉ፣ «አስቀመጠኝ» ያሉ አባት የተቀመጡ ያህል ቃል በቃል ሊተረጎምባቸው ይችላል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ አስተርጓሚ ቢኖርም ግን «ሰገራ» እና «አየር» የሚሉትን ቃላት ሳያፍሩ በግልጽ መናገር ይገባል።

ሆስፒታል ሲገቡ የሚጠብቅዎት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ የደም ፖታሲየም ይለካል፣ ትውከት ካለ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ ቱቦ ይገባል። ቱቦው ሲገባ ያስጨንቃል፤ አባቴ ሁለት ጊዜ ነቅለውታል፤ ሊትር የሚያህል ፈሳሽ ሲወርድ ካዩ በኋላ ግን ራሳቸው በእጃቸው ይዘው ይጠብቁት ነበር። ራጅና ሲቲ ስካን መዘጋቱ የት እንደሆነ ያሳያሉ። ከጠባሳ የመጣ መዘጋት ብዙ ጊዜ በዚህ ዕረፍት ብቻ ይለቃል። ዕጢ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት፣ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው አንጀትን በሆድ ላይ ማውጣት፣ ባለበት ቦታ ደግሞ የጠበበውን በብረት ወንፊት በሚሠራ ስቴንት መክፈት ይቻላል። ፈቃድ ከመፈረምዎ በፊት ከረጢቱ ጊዜያዊ ነው ወይስ ዘላቂ፣ ከዚያስ በኋላ ኬሞው መቼ ይቀጥላል ብለው ይጠይቁ።

ቀዶ ሕክምና የማይቻልበት ጊዜም አለ። ያኔም የሚደረግ ሕክምና አለ፤ ማቅለሽለሹን በሃሎፔሪዶል፣ ቁርጠቱን በሃዮሲን፣ የአንጀቱን ፈሳሽ በኦክትሪዮታይድ፣ እብጠቱን በዴክሳሜታዞን መቀነስ ይቻላል፤ ሞርፊንም በመርፌ ይሰጣል። የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ እንዲያያቸው ይጠይቁ።

መንገዱ ሲከፈት ምግብ በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ መጀመሪያ ውኃና የተጠለለ ሾርባ፣ ቀጥሎ እርጎና ሩዝ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አዲስ ነገር ብቻ እየተጨመረ፣ ያልተስማማው በደብተሩ ላይ ይመዘገባል። አባቴ ከተኙ በስድስተኛው ቀን ሌሊት መብራት አብርተው ደብተሩን ሲፈልጉ ደርሼባቸው ነበር። ጠዋት ስናየው በተንቀጠቀጠ ጽሕፈት «9 ሰዓት ከሩብ፣ አየር» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ሾርባ መቼ ነው?»