የአሮጌ ቮልስ መስታወትና የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ እንዴት ይቀየራል?

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ቮልስ የሚነዳ ሰው ክረምት ሲገባ ከፊት መስታወቱ ሥር ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ያውቀዋል። ብዙዎች ቶሎ ብለው መስታወቱን ከላሜራው ጋር በሚይዘው ጎማ ዙሪያ ሲልከን ይለቀልቃሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሲልከን ውጭውን ይዘጋል እንጂ ውስጥ ገብቶ የተኛውን ውሃ አያስወጣም። ውሃው ከጎማው ሥር ተቀምጦ ላሜራውን ይበላል፤ ከዚያ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የኋላው መስታወት ካፈሰሰ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ይበሰብሳል። ሞተር ይቀየራል። የበሰበሰ ወለል ግን ብዙ ብየዳና ብዙ ብር ይፈልጋል።

የእኛ አገር አየር ጎማን ይጎዳል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይከርራል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጥግ ጥጉ ላይ ይሸሻል። በጣት ስትጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ወይም ጥቁር ዱቄት እጃችሁ ላይ ከተወ ይቀየር።

ከመግዛታችሁ በፊት

ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ የመስታወቱ ልክ ግን ይለያያል። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1958 ሞዴል የኋላ መስታወቱ ሰፋ። በ1965 ሞዴል ሁሉም መስታወቶች ተለቁ። 1303 የሚባለው የቮልስ ሞዴል ደግሞ የፊት መስታወቱ ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት የመኪናውን ሞዴልና የመስታወቱን ቁመትና ወርድ ጽፋችሁ ያዙ። ጎማው ላይ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ካለ፣ ለጌጡ ቦይ ያለውን ጎማ ጠይቁ። የፊት መስታወት የምትገዙ ከሆነ በመሃሉ ፕላስቲክ ያለውን ድርብ መስታወት ምረጡ። እሱ ሲሰበር ተያይዞ ይቀራል እንጂ ፊት ላይ አይረግፍም።

አሮጌውን ማውጣት

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፍቱ። አሮጌው ጎማ የሚጣል ስለሆነ የውጭውን ከንፈር ዙሪያውን በካተር ቁረጡት። ከዚያ አንዱ ከውስጥ ሆኖ ከላይኛው ጥግ ጀምሮ በመዳፉ ቀስ እያለ ይግፋ፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ይቀበል። ጓንት አድርጉ። በካቻቢቴ ለመፈልቀቅ አትሞክሩ፤ ብረት የመስታወት ጠርዝ ሲነካ መስታወቱ ይሰነጠቃል።

ላሜራው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። መስታወቱ ሲወጣ ጎማው የሚነክሰው የላሜራ ከንፈር ይታያል። የቀረውን ሲልከንና የጎማ ፍርፋሪ ጠርጉ። ዝገቱን ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ብረቱ ከተበሳ ወደ በያጅ ይሂድ፤ በስቱኮ አትድፈኑት፣ ከክረምት ክረምት አይሻገርም። ከዚያ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት፣ በላዩም ቀለም ቀቡ። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ መስታወት አትግጠሙ። በደጋው ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ሥራውን ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ብታደርጉት ይመረጣል።

አዲሱን መግጠም

ጎማው በብርድ ስለሚገትር ፀሐይ ላይ አስጡት ወይም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ብርድ ልብስ ዘርግታችሁ መስታወቱን አስተኙና ጎማውን ዙሪያውን አልብሱት። ጌጥ ካለው አሁን ይግባ፤ መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ያስቸግራል።

አሁን ጠንካራና ለስላሳ የናይለን ገመድ ውሰዱ። ላሜራው በሚገባበት የጎማ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን አስገቡት፤ ሁለቱ ጫፎች ታች መሃል ላይ ተደራርበው ይውጡ። ቦዩንና ላሜራውን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። መስታወቱን ከውጭ በቦታው አስቀምጡ፤ የገመዱ ጫፎች መኪናው ውስጥ ይሁኑ። ውስጥ ያለው ሰው ገመዱን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሲስብ የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየዘለለ ይቀመጣል። ውጭ ያለው ገመዱ በደረሰበት ቦታ በመዳፉ ይጫን። መጀመሪያ ታች፣ ከዚያ ጎንና ጎን፣ በመጨረሻ ላይኛው ይዘጋል። ጥግ ላይ አልሄድ ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ተመለሱና ሳሙና ጨምሩ።

ሲያልቅ ከላይ ውሃ አፍስሱበት፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ መብራት ይመልከት።

እንክብካቤ

ጎማውን አልፎ አልፎ በግሊሰሪን ቀቡ። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ለጊዜው ያብለጨልጩታል፤ ግን ጎማውን ያሳብጡታል፣ ያበላሹታል። አቧራ የያዘ መስታወት በደረቅ ጨርቅ አይጠረግም፤ አሸዋው ይጭረዋል፣ መጀመሪያ ውሃ ይፍሰስበት። ጠዋት ውርጭ ከያዘው የፈላ ውሃ አትድፉበት፤ መስታወት ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። ማታውኑ በሸራ ሸፍኑት።

ጣርማበር ዳገት ላይ ጭጋጉ መስታወቱን ከውስጥ ከያዘባችሁ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለውን የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ክፈቱ። ሙቀቱ ከሞተሩ ተነስቶ በመኪናው ጎንና ጎን ባሉት የላሜራ ቦዮች አልፎ ነው መስታወቱ ሥር የሚደርሰው። ቦዮቹ ከበሰበሱ ሙቀት አይመጣም። የጭስ ማውጫ ሽታ አብሮ ከገባ ግን ወዲያው ማሞቂያውን ዝጉ፣ የበሩን መስታወት ክፈቱ፣ የሚያፈሰው ቦታ ሳይጠገንም ማሞቂያውን አትክፈቱ።