የአይረን ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ጎረቤታችን ጋሼ የአይረን ክኒን ገዝተው ሲገቡ አገኘኋቸው። «ድካም ድካም ይለኛል፣ ደም አንሶኝ ነው» አሉኝ። ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ቀይ ሥጋም ከቤታቸው አይጠፋም። ሳይመረመሩ ነው የገዙት።

እባካችሁ መጀመሪያ ደማችሁን ታዩ። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲንም ይታይላችሁ፤ የተከማቸውን አይረን የሚያሳየው እሱ ነው። ሰውነታችን የተረፈውን አይረን አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ እምብዛም የለውም። ከልክ ሲያልፍ ጉበትና ልብ ላይ ይከማቻል። ለአዋቂ ወንድ በቀን 8 ሚሊግራም ይበቃዋል። የወር አበባ የምታይ ሴት 18፣ እርጉዝ ደግሞ 27 ያስፈልጋታል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘላችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ!

የምግቡም ዓይነት ይለያያል። የቀይ ሥጋና የጉበት አይረን በቀላሉ ወደ ደም ይገባል፤ ብዙ ጥናቶች ከልብ ሕመም ጋር ያያያዙት ይህኛውን አብዝቶ መብላትን ነው። የጤፍ፣ የምስርና የጎመን አይረን ላይ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ግንኙነት አልታየም።

እኛ ባሕር ዳሮች ደግሞ ጣና ደጃችን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጥብሱን በቀረሶ ዓሣ ተኩት። ሎሚውን ዓሣው ላይ ብቻ አትጨርሱት፤ ምስሩና ጎመኑም ላይ ጠብ አድርጉበት፣ ቫይታሚን ሲው የእህልና የአትክልቱን አይረን ያስገባዋል። ቡናው ከምግብ ሰዓት ራቅ ይበል፣ አይረኑን ይይዘዋልና።

ጋሼን ነገ በጠዋት ላብራቶሪ አደርሳቸዋለሁ።